ትልቁና ትንሹ ታብሌት

ምስራቅና አማቷ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ከተስፋው ተዝካር ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ቆመው አያውቁም። ተስፋው የአንዷ ባል፣ የሌላዋ አንድያ ልጅ ነበር። የእርዳታ እህል ጭኖ ሲነዳ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል ከገባ ዓመታት አልፈዋል። በቀብሩ ዕለት ሁለቱ ሴቶች አንገት ለአንገት ተቃቅፈው አልቅሰው ነበር። ተዝካሩ በእናቱ አገር በዝቋላ ሲወጣ ግን ወይዘሮ ጸሐይነሽ ለዘመዱም ለጎረቤቱም «ልጄን ከእርሻው ነቅላ ከተማ ያስገባችው፣ ሞፈሩን አስጥላ መሪ ያስጨበጠችው እሷ ናት» ሲሉ ዋሉ። ምስራቅ ጥቁር ለብሳ እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። በማግስቱ ልጇን ይዛ ሰቆጣ ገባች። ሁለተኛ የዝቋላን አፈር አልረግጥም አለች፤ እንዳለችውም አልረገጠችም። ልጇ ሰገነት ብቻ በየክረምቱ ከሚታመን ሰው ጋር ተሳፍራ አያቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ መስከረም ሲጠባ ጠቁራና ከስታ፣ ግን ደስ ብሏት ትመለሳለች።

ዘንድሮ ሁለቱን ሴቶች ያገናኛቸው አንድ በሬ ነው። ተስፋው እናቱ ዘንድ የተወው በሬ ነበር፤ ማን ይውሰደው በሚል ሲጓተቱ ቆይተው በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው ቄስ ወልደ ሐዋርያት ገቡበት። የሟች ሀብት ለልጁ ትምህርት ይሁን ብለው ከሁለቱም ወገን ቃል ተቀበሉ፤ በሬውም ተሸጠ። ሰገነት ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። መማሪያ መጽሐፉ ለሦስት ተማሪ አንድ ነው የደረሰው፤ መምህሯ ኪዳኑ ግን ሁሉም መጽሐፍ በታብሌት ተጭኖ ሊነበብ እንደሚችል ለወላጆች ነግሯቸው ነበር። ስለዚህ ታብሌት ይገዛ ተባለ። እዚህ ላይ የተቃወመ የለም።

ችግሩ የገዢው ነገር ነው። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ምራታቸው ብቻዋን ትግዛ ሲባሉ፣ ገንዘቡን ለወፍጮ ቤቱ ካሤ ታበላዋለች አሉ። ካሤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ምስራቅን ላግባሽ ብሎ ሽማግሌ የላከ ሰው ነው፤ ምስራቅ እሺም እምቢም አላለችውም፤ ወሬው ግን ተከዜን ተሻግሯል። ምስራቅ በበኩሏ፣ አማቷ ብቻቸውን ቢገዙ ከገበያ ዳር መጫወቻ ገዝተው ይመጣሉ አለች። ቄሱ ሰለቻቸው። ሁለታችሁም ሂዱ፣ አብራችሁ አይታችሁ፣ አብራችሁ ግዙ ብለው በገበያ ቀን ቀጠሯቸው።

ምስራቅ የዑስማን ሱቅ ስትደርስ አማቷ ቀድመዋት በሩ ላይ ቆመው ነበር። በሌሊት ከዝቋላዋ ከተማ ከጽጽቃ ተሳፍረው መምጣታቸው ከነጠላቸው አቧራ ያስታውቃል። ምስራቅ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ «እንዴት አደሩ፣ እማ?» አለች። ወይዘሮ ጸሐይነሽ «እግዜር ይመስገን» ያሉት ወደ በሩ ዞረው ነው። ጉንጭ አልሰጧትም።

ስልክና ታብሌት የምትሸጠው የዑስማን ልጅ ያስሚን ናት። አባቷ ጨርቅ ከሚሸጡበት ሱቅ እኩሌታውን ለቀውላት፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ስልኩን፣ ቻርጀሩን፣ በፀሐይ የሚሠራውን መብራት ደርድራ ትሸጣለች። ቀጥተኛ ናት፤ ዕቃዋን አታሞካሽም። ሁለት ታብሌት አውጥታ መስታወቱ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችና ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ተአምር አትጠብቁባቸው አለቻቸው።

ከዚያ ልዩነታቸውን አስረዳች። አንደኛው ጥቁር፣ ስስ፣ ገጹ ሰፋ ያለና ብሩህ ነው፤ ብዙ ይይዛል፣ ባትሪውም መብራት በሌለበት ቀን ቀኑን ሙሉ ያውላል። ሁለተኛው ሰማያዊ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይሰፋ፣ ጀርባው ወፍራም ፕላስቲክ ነው። ትንሽ ነው የሚይዘው፣ ሲከፍቱት ያንቀላፋል፣ ባትሪው ከምሳ አያልፍም። ነገር ግን ሲም ይገባበታል፤ ሚሞሪ ካርድም ይገባበታል። ትልቁ ግን ሁለቱንም አይቀበልም። በዋጋ እምብዛም አይራራቁም።

«የሚገባበት ቀዳዳ የቱ ጋ ነው?» አሉ ወይዘሮ ጸሐይነሽ።

ያስሚን ትንሹን አገላብጣ አሳየቻቸው። አሮጊቷ በጥፍራቸው ጠርዙን ዳሰሱና «ይኼ ይሁን» አሉ።

ምስራቅ ገና ሁለቱንም በእጇ አልያዘችም። ይህች ሴት እኔ የምመርጠውን ሳታይ ተቃራኒውን ልትይዝ ነው የመጣችው ብላ አሰበች። ቢሆንም ለቄሱ ቃል ገብታለች። ያስሚንን እስቲ መጽሐፉን ክፈችልን አለቻት፣ ልጅቷ የምታነብበት ነገር በልጅቷ መጽሐፍ ይለካ። ያስሚን ከሌላ ወላጅ የተቀበለችው የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ስለነበራት በሁለቱም ላይ ጫነችውና ከፈተችው። በትልቁ ላይ ገጹ ወዲያው ተዘረጋ፤ ሥዕሉ ከነቀለሙ፣ ጽሑፉ ከነርዕሱ ቁልጭ አለ። በትንሹ ላይ ነጭ ሆኖ ቆየ፤ ቆይቶ ቆይቶ ሲመጣ ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቅቆ ነው። ያስሚን በጣቷ ልታጎላው ስትሞክር ደግሞ ተገተረ።

«አዩት አይደል፣ እማ?» አለች ምስራቅ።

ዓይኔ ደክሟል፣ ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው አሉ። የልጅቷ ዓይን ግን አልደከመም፣ እንዲደክምም አንፈልግም አለች ምስራቅ። ትንሹ ወፍራም ነው፣ ቢወድቅ አይሰበርም አሉ። ያስሚን በመሃል ገብታ ቢወድቅ ሁለቱም እንደሚሰበሩ ተናገረች። ትንሹ በኪስ ይያዛል አሉ። ሰገነት ዩኒፎርሟ ኪስ የለውም አለች ምስራቅ። አሮጊቷ ምክንያት ባጡ ቁጥር ፊታቸው እየጠቆረ፣ ከንፈራቸው እየቀጠነ ሄደ። በመጨረሻ ዕቃውን ትተው ወደ ምስራቅ ራሷ መጡ።

«ትልቅ ነገር የሰው ዓይን ይስባል» አሉ። «ቤትሽ የሚገባው ሁሉ ሰገነትን ብሎ የሚመጣ አይደለም።»

ያስሚን አቀርቅራ የቻርጀር ገመድ መጠቅለል ጀመረች። ምስራቅ ካሤ አንድ ቀን እንኳ ደጇን አልፎ እንዳልገባ፣ ሽማግሌዎቹንም በረንዳ ላይ እንዳስተናገደቻቸው ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። ማስረዳት ጥፋተኛ ያስመስላል። ይልቁንስ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ መዋጋት ታውቅበታለችና፣ በሬው የተሸጠው ለአያት ምቾት አይደለም፣ ለልጅ ትምህርት ነው አለች፤ ዳኛ ካስፈለገም መምህሩን ልጠይቀው አለች። አሮጊቷ ጠይቂው አሉ። እንዲያውም ቶሎ ብትሄድላቸው የወደዱ መሰሉ፤ ምስራቅ ያን ጊዜ ልብ አላለችውም።

በሱቁ የድንጋይ ግድግዳ መካከል ኔትወርክ አይገባም። ምስራቅ ወጥታ የልብስ ሰፊዎቹን ረድፍ አልፋ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ቆማ ደወለች። መምህር ኪዳኑ ክፍል ላይ ስለነበረ ሁለት ጊዜ ዘጋባት፤ ቆይቶ ራሱ ደወለ። ነገሩን በዝርዝር ነገረችው። ያለ ምንም ማወላወል ትልቁን ግዢ አላት። የሒሳቡ መጽሐፍ በሥዕል የተሞላ ነው፣ በትንሹ ላይ ልጅቷ ታለቅሳለች እንጂ አታጠናም አለ። ሲም አለመቀበሉም ግድ የለም፣ ከአንቺ ስልክ ኢንተርኔት መሳብ ትችላለች አለ። ምስራቅ አመሰገነችውና ቁልቁል ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ አማቷን የምታሳፍርበትን ቃል በምላሷ እያመላለሰች ነበር። ከመምህር በላይ ያውቃሉ ወይ ልትል ነው። ሰው በተሰበሰበበት፣ ዑስማንም እየሰሙ ልትል ነው።

በሩ ላይ ስትደርስ ሳቅ ሰማች።

ቃሉን ከመለየቷ በፊት ሳቁን ለየችው። ከጉሮሮ ጀምሮ በአፍንጫ የሚያልቅ፣ መሃሉ ላይ እንደ መሳል የሚል ሳቅ ነው። በዚህ ምድር ላይ እንደዚያ የሚስቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ምስራቅ መቃኑን ያዘች።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ትንሹን ታብሌት በሁለት እጃቸው እንደ ጸሎት መጽሐፍ ይዘው አፍንጫቸው ሥር አስጠግተውታል። የነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ያስሚን ከጎናቸው ቆማ ፊቷ ደንግጧል። በታብሌቱ ውስጥ ተስፋው የመኪናው ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ፣ በለስ እየላጠ፣ እየሳቀ ያወራል። የሚያወራው በእናቱ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው። ምስራቅ ላስታ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ከኽምጣኛ ከሰላምታ በቀር አታውቅም። ከንግግሩ መሃል ግን አንድ ቃል ለየች። የራሷን ስም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያዩ ሰዎች በየፊናቸው ብዙ ብለዋል። ምስራቅ ራሷ የምታስታውሰው ከአፏ የወጣውን ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይኼን ከየት አመጣሽው?»

በወዲያኛው ጥግ ዑስማን ጨርቅ እየቆረጡ ነበር፤ መቀሳቸው ቆመ። ምራት አማቷን አንቺ ስትል በዚያ አገር የሚሰማ ነገር አይደለም። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«አንቺ አልሽኝ?»

«አልኩሽ።»

ምስራቅ ደርሳ ታብሌቱን ያዘች። አሮጊቷ አለቀቁም። ተስፋው በመሃላቸው በለሱን ጎርሶ ማውራቱን ቀጥሏል። ሁለቱ ሴቶች እየጎተቱት ሳለ ያስሚን እጇን ሰንዝራ እላዩ ላይ ጫነችና፣ ዕቃው ገና እንዳልተሸጠ፣ እሷ ቆማ እያየች ከመካከላቸው ማንም እንደማይሰብረው ተናገረች። ድምፅዋ አልጨመረም፤ ግን ሁለቱም ሰሟት። ታብሌቱ ተመልሶ መስታወቱ ላይ ተቀመጠ። ያስሚን ዱካ ስባ ለአሮጊቷ ሰጠቻቸው። ምስራቅ ቆመች።

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ተስፋው የሞተ ዕለት ስልኩ ተጨፍልቆ ነበር። ረዳቱ ሙሉሰው ከስብርባሪው መሃል ሚሞሪውን አንስቶ፣ በሦስተኛው ቀን ለሟች እናት አምጥቶ ሰጣቸው። እሳቸው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። በራሳቸው የቁልፍ ስልክ ቢያስሞክሩት ምስሉን አልከፍትም አለ። የጎረቤታቸው ልጅ በስልኩ ከፍቶ ያሳያቸው ነበር፤ እሱም ሥራ ፍለጋ ከአገር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን አላዩትም። ታብሌት የሚባል ነገር ሊገዛ ነው ሲባሉ በመጀመሪያ የጠየቁት ሚሞሪ ይቀበላል ወይ ብለው ነው። ሰገነት በክረምት ይዛው ስትመጣ፣ እሷ ሳታይ በሰው ሊያስከፍቱት አስበው ነበር።

«ሙሉሰው ሲሰጥሽ ምን አለ?» አለች ምስራቅ።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ የነጠላቸውን ጫፍ ጨበጡ።

«ለምስራቅ አሳዪያት አላለሽም?»

«ብሏል» አሉ አሮጊቷ። «አላሳየሁሽም።»

ምስራቅ እንዲህ ፊት ለፊት ያምናሉ ብላ አልጠበቀችም። ቢክዱ ይሻላት ነበር። የራሷ ስልክ፣ የባሏ ፎቶም ድምፅም ያለበት፣ በጦርነቱ ሰው ሁሉ ከተማውን ለቆ በሸሸበት ወቅት ጠፍቷል። በግድግዳዋ ላይ ያለው የሠርጋቸው ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ተስፋው እንደ ወታደር ተገትሮ የራሱን መልክ አይመስልም። በዚያ ሁሉ ዓመት ሳቁን በጆሮዋ ውስጥ ለማቆየት ስትታገል ኖራ፣ ከአንድ ዓመት ወዲህ እየሸሻት መሆኑን አውቃ ለማንም አልተናገረችም። እና ሳቁ በአንድ አሮጊት ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ነበር። ለተዝካሩ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ አጥር ግቢ ቆመው ሲያስቀድሱ እዚያው ነጠላ ላይ ነበር።

«ለእኔስ ይሁን» አለች። «ሰገነት ምን አደረገችሽ? በየክረምቱ አጠገብሽ ትተኛ የለም እንዴ?»

«ልጅ ናት። ትነግርሻለች ብዬ ነው።»

«ብትነግረኝስ?»

«ትመጪ ነበር።»

«እመጣ ነበር።»

«ለዚያ ነው» አሉ ወይዘሮ ጸሐይነሽ። «ቤቱን ወሰድሽብኝ፤ ጉልበቱን ወሰድሽብኝ። ነገ ደግሞ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እግሩን ዘርግቶ የልጄን ሳቅ ሊሰማ ነው? ይኼ የእኔ ነው። ለእኔ ነው ያወራው። በቋንቋችን ነው ያወራው፤ አንቺ አትሰሚውም እንኳን።»

«ስሜን ሰምቻለሁ» አለች ምስራቅ። «ስለ እኔ ምን አለ?»

«የእናትና የልጅ ወሬ ነው።»

ምስራቅ ወደ ያስሚን ዞረች። የዑስማን ቤተሰብ ከአባት ከአያት ጀምሮ ከአገው ባላገር ጋር ሲነግድ የኖረ ነው፤ ያስሚን ኽምጣኛን እንደ አማርኛ ትናገራለች። ያስሚን በመሃላችሁ አታስገቡኝ አለች። ምስራቅ አልለመነቻትም፤ ዝም ብላ አየቻት። ያስሚን አሮጊቷን አየች። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አትናገሪ ግን አላሉም።

«ፍየሏ ወለደች ወይ ነው የሚለው» አለች ያስሚን። «በለሱ ዘንድሮ ጣፋጭ ነው ይላል። ከዚያ…» አለችና ቆመች።

«ጨርሽው።»

«ማር ላኪልኝ ይላቸዋል። ግን ለብቻው ደብቀሽ፣ በሙሉሰው እጅ ይሁን፤ ምስራቅ ካየችው ለእህቶቿ አካፍላ ትጨርሰዋለች ይላል። ከዚያ ነው የሳቀው።»

ምስራቅ ፊቷ ሲግል ተሰማት። ባሏ ስለ እሷ ለእናቱ ምን ከባድ ነገር ነግሮ ይሆን ብላ ልቧ ቆሞ ሲጠብቅ የመጣላት የማር ሐሜት ነው። እውነትም ማር ሲመጣ ለእህቶቿ ትልክ ነበር። እሱም አይቶ እንዳላየ ሆኖ፣ ማሩን ከመኪናው ወንበር ሥር እየደበቀ ለብቻው ሲልስ ኖሯል። ልትስቅም ልታለቅስም ትችል ነበር፤ ከሁለቱ አንዱንም በዚህች ሴት ፊት ላለማድረግ ጥርሷን ነከሰች።

«ለዚህ ነው የደበቅሽኝ? ለማር?»

«ለዚህ ነው» አሉ ወይዘሮ ጸሐይነሽ። ትንሽ ቆይተው ጨመሩ፤ «እሱም ያውቅሽ ነበር።»

ይኼ የመጨረሻው ነበር። ምስራቅ ካርዱን ነቅላ ይዛ መሄድ አሰበች። ትችላለች፤ ጉልበቱ አላት፤ አሮጊቷ ሮጠው አይደርሱባትም። ከዚያ በኋላ ቄሱም ሽማግሌውም የፈለጉትን ይበሉ። እጇን አንስታም ነበር። ግን ሰገነት ባለፈው ሰሞን፣ የተስፋውን አሮጌ ካፖርት ስታጥፍ የጠየቀቻት ነገር ትዝ አላት። እሱን ሳትናገር ይህን ነገር ማሸነፍ እንደማትችል ገባት። መናገሩ ግን በሯን ከፍቶ ቁስሏን ለጠላት እንደማሳየት ነው። ተናገረችው።

«ሰገነት የአባቷን ድምፅ ረስታዋለች» አለች። «ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ እንደምነግራት አጣሁ። ካፖርቱን አሽትቼ ሰጠኋት። ሽታውም የለም።»

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ውስጥ ርኅራኄ አልነበረም፤ ለእሷ አልነበረም። ግን ስለ ልጅቷ የሆነ ነገር ሲሰበር አየች።

«ረሳሁት አለችሽ?»

«አለችኝ።»

አሮጊቷ ትልቁን ታብሌት በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ያስሚንን በዚያ በትልቁ ላይ ማድረግ ይቻላል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሚሞሪው ግን ከእጄ አይወጣም፣ ከወጣ ይጠፋል ብለውኛል አሉ። ያስሚን ካርዱ ከትንሹ ሳይወጣ በብሉቱዝ ወደ ትልቁ መላክ እንደሚቻል ነገረቻቸው። ሁለቱ ተቀራርበው መቀመጥ አለባቸው፣ ጊዜም ይወስዳል፣ ትንሹ ደካማ ነው አለች።

«ለልጅቷ ነው» አሉ ወይዘሮ ጸሐይነሽ። «ለአንቺ አይደለም።»

«ከአንቺ ምንም አልለመንኩም» አለች ምስራቅ።

እንዲህ ሆኖ፣ አንዷ ትንሹን፣ ሌላዋ ትልቁን ይዘው በአንድ መስታወት ላይ ክርን ለክርን ቆሙ። ያስሚን ምስሎቹን አንድ በአንድ አስተላለፈች። ብዙ አልነበሩም። ጎማ ሲቀየር፣ ሙሉሰው አህያ ሊጋልብ ሲወድቅ፣ ሰገነት በልጅነቷ መሪው ላይ ተቀምጣ ጡሩንባ ስትነፋ፣ ጭጋግ የዋጠው መንገድ፣ እና የበለሱ። አንዱ ተላልፎ ሳያልቅ ትንሹ ይደክማል፤ ያስሚን ቻርጀር ትሰካለታለች፤ እንደገና ይጀመራል። ገበያተኛው ይገባል፣ ይጠይቃል፣ ይወጣል። ሁለቱ ሴቶች አልተነጋገሩም። ከአማቷ ነጠላ የእንጨት ጭስና የፍየል ሽታ ይመጣል፤ ተስፋው ከእናቱ ዘንድ ሲመለስ ልብሱ የሚሸተው ይኼን ነበር። ምስራቅ አፍንጫዋን ወደ በሩ አዞረች።

ሲያልቅ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ካርዱን ራሳቸው በጥፍራቸው አወጡትና በነጠላቸው ጫፍ መልሰው ቋጠሩት፤ ቋጠሮውን በጥርሳቸው አጠበቁት። ትንሹን ታብሌት በጀርባው ገልብጠው አስቀመጡት፣ ገጹን ማየት እንዳልፈለጉ ሁሉ።

«የፈለግሽውን ግዢ» አሉ።

ያስሚን ትልቁን በካርቶኑ አሸገች። ምስራቅ ያሰበችው ሁሉ ተሳክቶላታል፤ መምህሩ ያላትን ገዝታለች፣ ባሏን አግኝታለች፣ ሰው ፊት የተናገረችውን ተናግራለች። አማቷ ደግሞ የሚከፍቱበት ነገር የሌላቸውን ካርድ ቋጥረው ሊሄዱ ነው። ይህን ያየችው ካርቶኑን ከተቀበለች በኋላ ነው። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስታው ግን አልመጣም።

በሩ ላይ ደረሰችባቸው። እርስዎ ልበላት ወይስ አንቺ ብላ በልቧ ተሟገተች። አንቺ የተባለ ነገር ተመልሶ አይዋጥም፤ እርስዎ ማለት ደግሞ ይቅርታ ይመስላል። ሁለቱንም ትታ «ሰገነት ለፋሲካ ትመጣለች» አለች። «ታብሌቱን ይዛ።»

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ነጠላቸውን አጣፉ። «ልጅቷ ስትመጣ ደጄ ክፍት ነው» አሉ። «አንቺ ግን እንዳትመጪ።»

«አልመጣም።»

አሮጊቷ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ምስራቅ ቆማ አላየቻቸውም። ዑስማን ከኋላዋ ሽማግሌ እንዲገባበት፣ አማትን አንቺ ማለት እንዳልነበረባት ሲመክሯት ሰማች፤ ልክ ነዎት አለቻቸው፤ ልቧ ግን አልተመለሰም። ቄሱ ይኼን ሲሰሙ የሚሰጧትን ቀኖና አስባ ልትሸከመው ወሰነች።

ሰገነት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካርቶኑን አልጋው ላይ አገኘችው። ምስራቅ መጀመሪያ የሳይንሱን መጽሐፍ አሳየቻት። ልጅቷ በደስታ ሥዕሉን እያጎላች ሰውነት ውስጥ ያለውን ሁሉ አሳየቻት። ከዚያ ምስራቅ ሌላም ነገር አለው ብላ የበለሱን ከፈተችላት።

ልጅቷ ሳቁን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሳትነቃነቅ እስከ መጨረሻው አየችው። ከየት ነው የመጣው አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። ምስራቅ ምላሷ ላይ ብዙ ነበር። ለዓመታት ተደብቆብሽ ነበር ልትል ትችላለች፤ እውነት ነውና። አያቷ ዘንድ የምትሄድበትን ክረምት ሁሉ የሚመርዝ እውነት ነው።

«አያትሽ ናት ያስቀመጠችልሽ» አለች።

ሰገነት እንደገና አስጀመረችው። በዝቋላ ክረምቶች ኽምጣኛን ጠጥታዋለችና በዚህኛው ዙር ቃል በቃል ትከተለው ነበር። ማሩ ጋ ሲደርስ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሳቋ ከጉሮሮ ጀምሮ በአፍንጫዋ አለቀ።

«ምን ይላል?» አለች ምስራቅ፣ እንደማያውቅ ሰው።

ልጅቷ እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ወደ አባቷ ተመለሰች።

«ምንም» አለች። «ፍየሏ ወለደች ወይ እያለ ነው።»